ዘ ሲልቨር ላይኒንግ፦ ለዓመታት የተጠበቀው የአድናቂዎች ጌም፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ አድቬንቸር ጌም (ታሪክ እየተከተሉ እንቆቅልሽ የሚፈቱበት ጌም) የሚወድ ሰው ጋ ስለ «ዘ ሲልቨር ላይኒንግ» ካነሳችሁ ከሁለት አንዱን ትሰማላችሁ። ወይ «አቤት ድፍረታቸው!» ይላችኋል፣ ወይ «ኤጭ፣ ይሄን ነው ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው?»። ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አይደለም። ከታች ያሉት ስለ ጌሙ ሲወራ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ጌም ነው?

ሲዬራ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣቸው የነበሩ «ኪንግስ ኩዌስት» የተባሉ ተከታታይ ጌሞች አሉ። «ዘ ሲልቨር ላይኒንግ» የእነዚህ ጌሞች አድናቂዎች ታሪኩን ለመቀጠል ብለው የሠሩት ነው። ደሞዝ የለም፣ ቢሮ የለም። በተለያየ አገር የሚኖሩ ሰዎች በኢንተርኔት ተጠራርተው ሥራውን ተከፋፈሉት። አንዱ ታሪክ ይጽፋል፣ አንዱ ሙዚቃ ይሠራል፣ ሌላው ኮድ ላይ ያመሻል። ቡድኑ በኋላ ፊኒክስ ኦንላይን ስቱዲዮስ የሚል ስም ያዘ።

ታሪኩ የሚጀምረው በሠርግ ነው። ልዕልት ሮዘላ በምትሞሸርበት ዕለት ካባ የደረበ ሰው ይመጣል። እሷንና ወንድሟን አሌክሳንደርን በእርግማን ይጥላቸዋል። አባታቸው ንጉሥ ግራሃም አርጅቷል፣ ዘውዱ ከብዶታል። ቢሆንም የድሮ የጉዞ ልብሱን ለብሶ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል።

ሰው ይህን ያህል የጠበቀው ለምንድን ነው?

ይሄን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው «ኪንግስ ኩዌስት» የወጣው በ1984 ነው፤ የፈጠራው ባለቤት ሮበርታ ዊሊያምስ ናት። ግራሃም በዚያ ጌም ተራ ባላባት ሆኖ ይጀምርና የዳቬንትሪ ንጉሥ ይሆናል። በሁለተኛው ሚስት ያገኛል። በሦስተኛው በሕፃንነቱ የተሰረቀው ልጁ ከጠንቋይ ቤት ያመልጣል። በ1988 በወጣው በአራተኛው ደግሞ ዋናዋ ባለታሪክ ልጁ ሮዘላ ሆነች። ተጫዋቹ ከአንድ ቤተሰብ ጋር አብሮ አደገ ማለት ነው።

እነዚህ ጌሞች ሌላም ነገር አስተምረዋል። በ1990 የወጣውን አምስተኛውን እንውሰድ። መንገድ ላይ አንዲት ድመት አይጥ እያባረረች ታልፋለች። በዚያች ቅጽበት አሮጌውን ጫማ ካልወረወራችሁባት አይጧ አለቀላት። ምንም የሆነ አይመስልም፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ቆይቶ ግን ወሮበሎች አስረው ምድር ቤት ይጥሏችኋል። ገመዱን ቀርጥፋ የምታስፈታችሁ ያቺው አይጥ ነበረች። እሷ ከሌለች ቁጭ ብሎ ማልቀስ ነው። ጸጉር ያስነጫል! ግን እንዲህ ባለ ጌም ያደገ ሰው አንድ ጠባይ ያወጣል፤ በስክሪኑ ላይ ያለፈች ትንሽ ነገር ሁሉ ነገ ትመጣለች ብሎ ያምናል።

አሁን ይሄን ያዙና ወደ ስድስተኛው እለፉ፤ ዓመቱ 1992 ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ይገኛል። ደብዳቤው በስውር የሚሠራ ባለ ጥቁር ካባዎች ማኅበር እንዳለ ይጠቁማል። ከዚህ በፊት የንጉሡን ቤት ያመሱት ጠንቋዮች ለካ በአንድ ገመድ የታሰሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በቃ፣ ያቺ አይጥ አለፈች። ተጫዋቹ መልሱን መጠበቅ ጀመረ። በ1994 ሰባተኛው ወጣ፣ ስለ ማኅበሩ ትንፍሽ አላለም። በ1998 ስምንተኛው ወጣ፤ ይባስ ብሎ ንጉሣዊው ቤተሰብ ጥግ ያዘና ኮነር የሚባል ባለ ሰይፍ ጎረምሳ መጣ። በ1999 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኦክኸርስት፣ ካሊፎርኒያ የነበረው የሲዬራ ስቱዲዮ ተዘጋ።

እንግዲህ አድናቂዎች «የካባዎቹን ታሪክ እኛ እንጨርሰዋለን» ሲሉ የተፈጠረውን ጉጉት አስቡት። የጌሙ ታሪክ የተተከለው ልክ እዚያ ያልተዘጋ ቀዳዳ ላይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የኋላው ብስጭትም ግማሹ የመጣው ከዚሁ ነው።

ለምን ዘገየ?

አጭሩ መልስ፦ ሥራው ትልቅ፣ ሠራተኛው በጎ ፈቃደኛ።

ቡድኑ የመረጠው ጠፍጣፋ ሥዕል አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ስሪ ዲ ነው። በዚያ ላይ የድምፅ ትወና፣ ኦርኬስትራ የሚመስል ሙዚቃና ረጃጅም ሲኒማዊ ትዕይንቶች። ደሞዝ የሚከፍል ስቱዲዮ እንኳን እንዲህ ያለውን በቀላሉ አይጨርስም። በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ፈተና ሲደርስበት ይጠፋል፣ ሥራ ሲያገኝ ይጠፋል፣ ሲያገባ ይጠፋል። አለቃ የለውም፤ ማን ይቆጣዋል? አንድ አኒሜሽን የሚሠራ ሰው ሲሄድ የጀመረው ገጸ ባሕርይ ከነእጁ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሌላም አለ። ስሪ ዲ ቶሎ ያረጃል። በ2003 «ዋው» ያስባለ ፊት በ2008 እንደ ፕላስቲክ ይታያል። ስለዚህ የድሮውን ማደስ ይመጣል፤ እሱ ሲታደስ ደግሞ ሌላው ያረጃል።

ኩባንያ ሁለት ጊዜ አስቆማቸው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባል የለ? ግራሃምም ዳቬንትሪም የሕግ ባለቤት አላቸው። ባለቤቱ ደግሞ በየጊዜው ይቀያየር ነበር።

መጀመሪያ በ2005 መብቱን ይዞ የነበረው ቪቬንዲ «አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ላከ። አድናቂዎች ዝም አላሉም። ፊርማ አሰባሰቡ፣ ደብዳቤና ኢሜይል አዘነቡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ስምምነት ተደረሰ፤ ሥራው ይቀጥል፣ ግን «ኪንግስ ኩዌስት» የሚለው ስም ከርዕሱ ይውጣ። ቀድሞ «ኪንግስ ኩዌስት ዘጠኝ» ሲባል የነበረው ፕሮጀክት ዛሬ በሌላ ስም የምናውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2008 የቪቬንዲ የጌም ክፍል ከአክቲቪዥን ጋር ተዋሐደ። አዲስ ባለቤት፣ አዲስ ጠበቃ። በ2010 መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው «አቁሙ» መጣ። ይሄኛው የባሰ ያማል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ክፍል ለመውጣት ጫፍ ደርሶ ነበር። ብዙ ሰው «በቃ፣ ተቀበረ» ብሎ ነበር። ከወራት በኋላ ግን አክቲቪዥን ሐሳቡን ቀየረ፤ ገንዘብ እስካልተሠራበት ድረስ እንዲወጣ ፈቀደ። ጁላይ 10 ቀን 2010 የመጀመሪያው ክፍል በነፃ ተለቀቀ።

ታዲያ የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ ሰው ለምን ተናደደ?

አጭር ስለነበረ። በጣም አጭር።

ሰውየው ዓመታት ጠብቋል። ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጧል፣ ሁለት ጊዜ ተነስቷል። ፊርማ ፈርሟል። ዳውንሎዱ እስኪያልቅ በጉጉት ተቀመጠ። ከፈተው፤ ሠርጉን አየ፣ ሙዚቃው ነካው፣ ግራሃም ደሴቱ ላይ ወረደ። ዞር ዞር አለ፣ ዕቃ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ከሰዎች ጋር አወራ። ቆይ፣ እንቆቅልሹ የታለ? ሻንጣዬ ውስጥ የሚገባው ዕቃ የታለ? እያለ ሳለ ክፍሉ አለቀ። አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም።

ለማንኛውም ጀማሪ ቡድን ይሄ መግቢያ ተብሎ ይታለፋል። ለዚህ ታዳሚ ግን አይታለፍም። እያንዳንዷን አይጥ እንዲጠብቅ የሠለጠነ ሰው ነው። አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ምንም የማይፈታ ነገር ስትሰጡት የተታለለ ይመስለዋል። ተራኪዋም ትችት አልቀረላትም። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ በርሜል ብትነኩ እንኳ ስለ በርሜሉ ሕይወት ትነግራችኋለች። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ እየቆየ እጅ እጅ ይላል።

በቡድኑ ቦታ ሆናችሁ ስታዩት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ጊዜ «አቁሙ» የተባሉ ሰዎች ናቸው። አንድ ነገር አውጥተው ማሳየት ነበረባቸው። እኔ ብሆን ክፍል አንድንና ሁለትን አጣምሬ ነበር የማወጣው፤ ሁለተኛው ሁለት ወር ብቻ ነው የቆየው። ግን ከዳር ሆኖ መምከር ቀላል ነው።

ቀጣዮቹ ክፍሎችስ?

ይሻላሉ። ሁለተኛው በሴፕቴምበር 2010 ወጣ፤ ደሴቶቹ ተከፈቱ፣ የሚሠራ ነገር መጣ። ሦስተኛው በፌብሩዋሪ 2011፣ አራተኛው በኖቬምበር 2011። ሥዕሉም እየጠራ፣ እንቆቅልሹም እየበዛ ሄደ። በክፍል አንድ ተናደው የተዉት ሰዎች ትልቁ ኪሳራቸው ይሄ ነው።

ልዩነቱን ግን ልብ በሉ፦ ሁለት ወር፣ አምስት ወር፣ ዘጠኝ ወር። ክፍሉ ሲሻሻል ጥበቃው ረዘመ።

አምስተኛው ክፍል ወጥቷል?

አልወጣም። ጌሙ ባለ አምስት ክፍል ተብሎ ነበር የታሰበው። ታሪኩ አራተኛው ላይ ሳይቋጭ ቆሟል። ቡድኑ «አልተውነውም» እያለ ቆይቷል፣ ሥራውን ወደ ሌላ የጌም ሞተር (ጌሙ የሚሠራበት ሶፍትዌር) የማዛወር ዕቅድም ተነግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ያየነው የለም።

ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ይባላል፤ እዚህ ግን ሁለቱን መለየት ከብዷል። «ይጠበቅ ወይስ ይተው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ እንደማይመጣ ቆጥራችሁ ተጫወቱ። ከመጣ ምርቃት ነው።

ቡድኑ ምን ነካው? ጠፋ?

አልጠፋም፣ እንዲያውም አደገ። ፊኒክስ ኦንላይን በ2011 መጨረሻ በኪክስታርተር (ሰዎች ለሚወዱት ሥራ ገንዘብ የሚያዋጡበት ድረ ገጽ) ገንዘብ ሰብስቦ «ኮግኒሽን» የተባለ የራሱን ጌም ጀመረ፤ ከ2012 ጀምሮ በክፍል በክፍል አወጣው። ከዚያ ከጄን ጄንሰን ጋር ሠርቷል። በ1990ዎቹ የ«ገብርኤል ናይት» ጌሞችን የፈጠረችው እሷ ናት፤ ስድስተኛውን «ኪንግስ ኩዌስት»ም ከሮበርታ ጋር አብራ ነው የሠራችው። የ«ገብርኤል ናይት» የ20ኛ ዓመት ዕትም በ2014 የወጣው በዚህ ቡድን እጅ ነው።

አንዳንዱ ይሄን እንደ ክህደት ያየዋል። እኔ አይታየኝም። በነፃ ሲሠሩ የቆዩ ሰዎች ሙያቸው እንጀራ ሲሆንላቸው ምን ይደረግ? የነፃው ሥራ ግን ወረፋው መጨረሻ ላይ ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

ገንዘብ ከአድናቂዎች ሰብስበው ለምን አልጨረሱትም?

ፈቃዱ የተሰጠው ገንዘብ እንዳይሠራበት ተብሎ ነው። በግራሃም ስም ገንዘብ መሰብሰብ ሦስተኛውን «አቁሙ» በእጅ መጥራት ነው።

በነፃ የተሰጠን ነገር መተቸት ነውር አይደለም?

ይሄ ሁሌ ያጨቃጭቃል። አንዱ ወገን «በነፃ በልተህ ጨው በዛበት ትላለህ?» ይላል። ሌላው «ጊዜዬንስ ማን ይመልስልኛል?» ይላል።

የእኔ አቋም፦ ሥራውን ተቹ፣ ሰውየውን ተዉት። «ክፍል አንድ ላይ እንቆቅልሽ ያንሳል» ማለት ጠቃሚ ነው፤ ክፍል ሁለት ላይ ማስተካከያው ታይቷል። «ሰነፎች፣ ሌባዎች» ማለት ግን ማንንም ለሥራ አያስነሳም። የሚገርመው ደግሞ በጣም የሚሳደቡት ብዙ ጊዜ በጣም የሚወዱት ናቸው። በ2005 ደብዳቤ የጻፈ ሰው ጌሙ የእሱም ጭምር እንደሆነ ይሰማዋል። ልክ ነው፤ ጌሙ በእነሱ ጩኸት ነው የተረፈው። ግን ፊርማ ማስቀመጥና አኒሜሽን መሥራት እኩል አይደሉም።

ቡድኑም ከጥፋት ነፃ አይደለም። ዓመት ከዓመት የሚያምር ፊልም እያሳዩ ጉጉት አብዝተዋል። የማስተዋወቂያው ፊልም በረዘመ ቁጥር ሰው በጭንቅላቱ የሚሠራው ጌም ይገዝፋል። በጭንቅላት ውስጥ ካለ ጌም ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ የለም።

ሁሉም የአድናቂ ጌም እንዲህ ነው የሚያበቃው?

ኧረ አይደለም። ያማረ መጨረሻ ያላቸው አሉ።

ኤጂዲ ኢንተራክቲቭ የሚባለውን ቡድን ውሰዱ። እነሱ ታሪክ መቀጠል አልፈለጉም፤ የድሮዎቹን የሲዬራ ጌሞች በአዲስ ሥዕል መሥራትን መረጡ። የመጀመሪያውን «ኪንግስ ኩዌስት» በ2001 አወጡ፣ ሁለተኛውን በ2002። «ክዌስት ፎር ግሎሪ ሁለት» ግን ለዓመታት አስጠበቀ፤ ሲጠበቅ ሲጠበቅ በ2008 ወጣ። የ1990ው ጌም ትእዛዝ በጽሑፍ እየተየቡ የሚጫወቱት ነበር፤ እነሱ በማውስ እንዲሆን አደረጉት። ሰው አጨበጨበ። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ታሪኩና እንቆቅልሹ ቀድሞ የተሠራ ነው፣ ሥራው ልክ አለው፣ ሲያልቅ ማለቁ ይታወቃል። በዚያ ላይ ሙሉውን ነው ያወጡት፤ በክፍል አልሸነሸኑትም።

ጀርመኖቹም አሉ። የ«ብሮክን ሶርድ» አድናቂዎች በሁለተኛውና በሦስተኛው ጌም መሀል የሚገባ ታሪክ ሠርተው፣ «2.5» ብለው፣ ከዓመታት ሥራ በኋላ በ2008 በነፃ ለቀቁት።

ሌላ ዓይነት መጨረሻም አለ። በ1997 የወጣውን «ሪቨን» ሙሉ በሙሉ ወደ ስሪ ዲ ለመቀየር «ስታሪ ኤክስፓንስ» የተባለ የአድናቂዎች ፕሮጀክት ለዓመታት ለፍቷል። በ2022 የጌሙ ባለቤት ሳያን «እኔው ራሴ እሠራዋለሁ» አለ፤ በ2024ም አወጣው። አድናቂዎቹ የፈለጉት ጌም መጣ፣ በእነሱ ስም ግን አይደለም። ይሄ ድል ነው ሽንፈት? እንደ ሰዉ ይለያያል።

በ2015 ኩባንያው ራሱ «ኪንግስ ኩዌስት» አውጥቶ የለም? ይሄኛው ምን ይሠራል?

አውጥቷል። ያም ቢሆን ያለ መዘግየት አልመጣም። በ2011 ቴልቴል የተባለው ስቱዲዮ እንደሚሠራው ተነግሮ ነበር፤ ተወው። በኋላ ኦድ ጀንትልሜን የተባለ ስቱዲዮ ወስዶ በ2015 ጀመረ፣ አምስተኛውን ምዕራፍ በ2016 ጨረሰ። ያኛው ሽማግሌው ግራሃም ለልጅ ልጁ የሚያወራው ጨዋታ ነው፤ ሳቅ ይበዛዋል። ስለ ጥቁር ካባዎቹ ማኅበር የጠየቃችሁት ከሆነ ግን ያንን ቀዳዳ ለመዝጋት የሞከረው የአድናቂዎቹ ነው።

ዛሬ ልጫወተው ብል ምን ልጠብቅ?

አንደኛ፣ በመጀመሪያ ስድስተኛውን «ኪንግስ ኩዌስት» ተጫወቱ። ደሴቶቹ እነዚያው ናቸው። እዚያ የምትጫወቱበት አሌክሳንደር የወጣበትን የባሕር ዳርቻና የገባበትን ዕቃ መለዋወጫ ሱቅ ሳታውቁ ብትገቡ ግማሹ ደስታ ያመልጣችኋል። አምስተኛውንም ከቻላችሁ። ድመቷ ላይ ጫማ መወርወር እንዳትረሱ።

ሁለተኛ፣ ክፍል አንድን እንደ መግቢያ ፊልም እዩት። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡና በዚያው ምሽት ክፍል ሁለትን ጀምሩ። እንደ አንድ ጌም ካያችኋቸው የድሮው ቅሬታ ግማሹ ይጠፋል። ያኔ የጠበቁት ሰዎች ይሄ ዕድል አልነበራቸውም።

ሦስተኛ፣ ቃናው ከባድ ነው። የሲዬራዎቹ ጌሞች ተረት ተረት ናቸው፤ ይሄኛው ኀዘን ይበዛዋል። አንዳንዱ «ግራሃም እንዲህ አያዝንም» ብሎ ይከራከራል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ሁለት ልጆቹ በአንድ ቀን የወደቁበት አባት ምን ሊሆን ነበር?

አራተኛ፣ እንቅስቃሴው ደረቅ ነው፣ ካሜራው አንዳንዴ ያናድዳል። በየጊዜው ሴቭ አድርጉ።

አማርኛ አለው?

የለውም። ድምፁም ጽሑፉም እንግሊዝኛ ነው፤ ተራኪዋ ደግሞ ቃላት አትቆጥብም። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ከዚህ በፊት በኤጂዲ የመጀመሪያው «ኪንግስ ኩዌስት» ጀምሩ። እሱም ነፃ ነው፣ ንግግሩ አጭር ነው፣ መጨረሻም አለው።